ሔራን የሠራችው ቤት

ተረት ልጀምር ነው። «የላም በረት» የሚል ይበል፤ የማይል ዝም ብሎ ይስማ።

ጌዲዮን የሚባል አንድ ወጣት አባት ነበር። አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ፤ ልጁ ሔራን የሠራችውን ቤት ማየት። ቤቱ የድንጋይ ቤት አልነበረም። ሔራን የሠራችው በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ነው፤ ዓመት ሙሉ፣ ጡብ በጡብ ላይ እየደረደረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷን ግን ሳልጨርስ አታይም ትለው ነበር። የጨረሰች ዕለት ጌሙ ራሱን አደሰና አሮጌው ኮምፒውተር አልችለው አለ። «አባዬ፣ ጌሙን የሚስል የግራፊክስ ካርድ ግዛልኝ» አለችው። ቆይ አላት። በሰባተኛው ቀን ትኩሳት ወሰዳት።

በለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ስለዚህ ጎረቤቶች የኮምፒውተሩንም ስክሪን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። አርባዋ በወጣ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጌዲዮን ብቻውን ጨርቁን ገለጠ። ሚስቱ ፍሬሕይወት ያን ሰሞን ከመኝታ ቤት አትወጣም ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከጥቁሩ ውስጥም ድምፅ መጣ።

«ቤቱን አላሳይም» አለ ስክሪኑ። «የሚስልልኝ ካርድ የለም።»

ጌዲዮን ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ወደምትሸጠው ወደ ኤልሻዳይ ሱቅ ሄደ። ካርዶቹን እንደ ሐብሐብ በእጁ እየመዘነ ከባዱን፣ ባለ ሦስት ፋኑን መረጠ። የከበደ ነገር አያታልልም ብሎ ነው። ኤልሻዳይ ስለ ኮምፒውተሩ ጠየቀችው። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የተገዛ፣ ደብዳቤ ሲጽፍ ያረጀ ነው አላት።

«ወንድሜ፣ ያንተ ኮምፒውተር ሽማግሌ ነው» አለችው። «ለሽማግሌ አጥሚት እንጂ ጥሬ ሥጋ አይሰጥም።»

ከባዱን ተቀብላ ቀላሉንና ርካሹን ሰጠችው፤ አንድ ፋን ያለው፣ ትንሽ የሚበላ፣ ለጠባብ ሳጥን የሚሆን። ጌዲዮን ቤት ገብቶ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማንም ሳይነካው ፋኑ አንድ ጊዜ ዞረ።

«አልስልም» አለ ካርዱ። «መብራት የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ካልመገበኝ አልስልም።»

ስክሪኑ አላሳይ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ። ጌዲዮን ጎንበስ ብሎ ፓወር ሰፕላዩን በኮምፒውተሩ ጀርባ ቀዳዳ በኩል ለመነው። ከቀዳዳው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ወጣ። እኔ ውስጥ ነኝ፣ ካርዱ ውጭ ነው፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ አልመግብም አለው።

ስክሪኑ አላሳይ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ፤ ፓወር ሰፕላዩ አልመግብ አለ። ጌዲዮን ሳጥኑን አንኳኳ። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ብሎኑ ካለቀቀኝ አልከፈትም አለ ሳጥኑ።

ስክሪኑ አላሳይ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ፤ ፓወር ሰፕላዩ አልመግብ አለ፤ ሳጥኑ አልከፈት አለ። ብሎኑ ዝጓል። አሥር ዓመት ይህን ሳጥን ዘግቼ ይዣለሁ፣ ካቻቢቴ ካልፈታኝ አልለቅም አለ።

ስክሪኑ አላሳይ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ፤ ፓወር ሰፕላዩ አልመግብ አለ፤ ሳጥኑ አልከፈት አለ፤ ብሎኑ አልለቅ አለ። ካቻቢቴው ከመሳቢያው ውስጥ ሆኖ ገና ሳይጠየቅ መለሰ። የሚጨብጠኝ እጅ እየተንቀጠቀጠ እኔ አልፈታም አለ።

ጌዲዮን እጁን አየ። እውነት ነው፤ ይንቀጠቀጣል። እርጋ አለው።

«አልረጋም» አለው የገዛ እጁ። «እሷ ላይ አፈር የመለስኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ የሷን ነገር አልከፍትም።»

ጌዲዮን ተነሣ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ሁሉንም ለፍሬሕይወት ነገራት። ስክሪኑ አላሳይ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ፤ ፓወር ሰፕላዩ አልመግብ አለ፤ ሳጥኑ አልከፈት አለ፤ ብሎኑ አልለቅ አለ፤ ካቻቢቴው አልፈታ አለ፤ እጄ አልረጋ አለ። እጄን ያዢልኝ አላት።

ፍሬሕይወት አልያዘችውም። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ አጥብቀው ይዘው ከጉድጓዱ አርቀዋት ነበር።

«መቃብሯን ብቻህን አየህ» አለችው። «ቤቷን ብቻህን አታይም።»

ጌዲዮን ሄዶ ሁለተኛ ወንበር አመጣና ከራሱ ወንበር ጎን አስጠግቶ አኖረው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። መጣች።

ፍሬሕይወት እጁን ያዘች፤ እጁ ረጋ፤ ካቻቢቴው ፈታ፤ ብሎኑ ለቀቀ፤ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ፓወር ሰፕላዩ መገበ፤ ካርዱ ሳለ፤ ስክሪኑ አሳየ።

ቢጫ ቤት ነው። መስኮቶቹ ሁሉ በርተዋል። ደጃፉ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ማንም ቁልፍ አልነካም። ትከሻዋ ግን ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። ትተነፍሳለች። ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ወጣ፤ «ሔራን ገባች» ይላል።

ጌሙ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣ ጽሑፍ ነው። ጌዲዮን ይህን ያውቃል። ሆኖም ሁለቱም አንድ ላይ ዞረው የገዛ ቤታቸውን በር አዩ።

«ግቢ፣ የኔ እናት» አለች ፍሬሕይወት።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦ አልፈልግም። ስትወጡ በሩን ገርበብ አድርጉት።