ምንጯን የደፈኑ ኮቴዎች

አንድ ጊዜ ላሞችና አህዮች በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ይኖሩ ነበር። የሜዳው ንጉሥ አያ አንበሳ ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ምሥራቁን ለላሞች፣ ምዕራቡን ለአህዮች ሰጠ። ሁለቱም በየክልላቸው ሽማግሌ እየመረጡ በራሳቸው ወግ ይተዳደሩ ጀመር። መሐል ላይ ያለችው ምንጭ ግን የጋራ ነበረች፤ ላሞች ጠዋት፣ አህዮች ከሰዓት በኋላ ይጠጡባታል።

ከአህዮቹ ወገን እመት አህያ የምትባል እናት ነበረች። የልብ ወዳጇ ደግሞ ከላሞቹ ወገን እመት ላም ናት። የአንዷ ውርንጭላና የሌላዋ ጥጃ አብረው ሲቦርቁ ያደጉ ናቸው። ላሞቹ «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» እያሉ ሲያሽሟጥጡ፣ እመት ላም «ፈሱንም ፍቅሩንም ተምሬያለሁ» ብላ ትስቃለች።

ዘመኑ ደግ ነበርና ላሞች ወለዱ፤ አህዮችም ወለዱ። ሜዳው ሞላ። በየክልሉ ጉባኤ «ብዛታችን ኃይላችን ነው!» ይባል ጀመር። አንድ ቀን እመት አህያ ከአህዮቹ ስብሰባ መሐል ተነሥታ፣

«ወገኖቼ፣ እኛ በዛን እንጂ ሣሩ አልወለደም፤ ምንጯም መንታ አላመጣችም። ውኃው ሳያልቅ ከላሞቹ ጋር ቁጭ ብለን እንምከር» አለች።

«አንቺ ደግሞ የላም ጠበቃ!» ብለው አስቀመጧት።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ሣሩ ከሥሩ ተጋጠ፤ ምንጯ ቀጠነች። ላሞቹ ጠጥተው ሲመለሱ ለአህዮቹ የሚተርፈው ጭቃ ሆነ። ይህን ጊዜ ቀበሮ ከጎሬዋ ብቅ አለች። ጅብ ከገደለ ቅሪቱ የእሷ ነውና ጠብ ለእሷ ሠርግ ነው።

ለአህዮቹ «ላሞቹ እኮ ሆን ብለው እያደፈረሱባችሁ ነው» አለቻቸው። ለላሞቹ ደግሞ «አህዮቹ ምንጯ የአያቶቻችን ናት ይላሉ፤ በጠዋት ቀድመው ሊይዟት ነው» አለቻቸው። ሁለቱም በቁጣ ሲነዱ ምክር ጨመረችላቸው።

«ንጉሡን ጠባቂ ጠይቁ። አያ ጅቦ ከሁለታችሁም ዘር አይደለም፤ አያዳላም።»

ያረጀው አንበሳም ጭቅጭቁ ሰልችቶት ፈቀደ። ጅብ ምራቁን እየዋጠ መጣ።

«አላዳላም! ላምም አህያም ለእኔ እኩል ትጣፍጣለች... ማለቴ፣ እኩል ትከበራለች!»

ቁጣ ጆሯቸውን ደፍኖት ነበርና ማንም ልብ አላለውም።

በማግሥቱ ጠዋት አህዮቹ ውኃው ሳይደፈርስ ለመጠጣት ማልደው መጡና ሁለቱም መንጋ ምንጯ ዘንድ ተገናኘ። የተጠማው የእመት አህያ ውርንጭላ ወዳጁን ጥጃ አይቶ ከእናቱ አመለጠና መሐል ገባ። ወዲያው ቀንድና ኮቴ ተደበላለቀ፤ ውርንጭላውም ወደቀ። እመት አህያ «ልጄን!» እያለች ብትጮኽም መንጋው አላሳልፋት አለ። ቀድማ የደረሰችው እመት ላም ነበረች። በላዩ ቆማ በሰውነቷ ከለለችው። አንድ የአህያ ርግጫ የፊት እግሯን ሰበረው። የረገጣት የእመት አህያ የገዛ ወንድም ነበር።

አቧራው ሲበርድ ሁሉም ወደ ውኃው ጎንበስ አለ። ውኃ የለም። በዚያ ሁሉ ኮቴ ተረጋግጦ የምንጯ ዓይን ተደፍኗል። ላሞች ወደ ምሥራቅ፣ አህዮች ወደ ምዕራብ አንገታቸውን ደፍተው ተሰደዱ። ጠባቂው ጅብ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ምሽቱን ይጠብቃል።

«እኅቴ፣ ሂጂ» አለች እመት ላም አጠገቧ ለቀረችው እመት አህያ።

«ጥዬሽ የት እሄዳለሁ? በወንድሜ እግር ተሰብረሽ፣ በምን ፊቴ?»

«ወንድምሽን ጥማት ነው ያሳበደው። ብትቀሪ ሁለታችንንም ይበላናል። ጥጃዬን አደራ።»

እመት አህያ አንገቷን በወዳጇ አንገት ላይ አሳረፈች። ጅቡ ተነሥቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ አየችና ሁለቱን ልጆች ከፊት አስቀድማ ነዳች። ከኋላዋ አንድ ረጅም ጩኸት ተሰማ። ዞራ አላየችም።

«እመት ላም አትመጣም?» አላት ውርንጭላው። እርምጃዋን አፈጠነች።

አንበሳ የደረሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጅብንና ቀበሮን ከሜዳው አባረረ። የደረቀውን ጭቃ በመዳፉ ጫር ጫር ቢያደርግ ግን ጠብ የሚል ነገር አልወጣም። «ድንበር ለይቼ ሰጠኋቸው፤ ውኃውን አብረው እንዲጠብቁ ግን አላስተማርኳቸውም» ብሎ አለቀሰ።

እመት አህያ ከሩቅ ተዳፋት ሥር ትንሽ ፍልቅልቅ ውኃ አገኘች። እዚያ የነበሩ አህዮች «ይህ ጥጃ ደግሞ የማን ነው?» ሲሏት «የእኔ ነው» አለች። ጥጃው ጀምበር ባዘቀዘቀች ቁጥር ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ «እምቧ!» ይላል። አህያ እምቧ ብላ አትመልስለት ነገር፤ ድምፁ እስኪደክም ድረስ ጎኗን ከጎኑ አስጠግታ ትቆማለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ወገን ሲበዛና ውኃ ሲያንስ ቁጭ ብሎ ያልተመካከረ ሕዝብ የሚጣላበትን ምንጭ በገዛ እግሩ ደፍኖ ጠላቱን በገዛ ሥጋው እንደሚቀልብ ነው።