የእመት ሻርክ መያዣ

ተረት ተረት ስላችሁ «የዓሦች ቤት» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ በባሕር ውስጥ ባለ አንድ የኮራል ድንጋይ ሰፈር፣ ውሃው ሞቀ። እያደር ባሰበት። የሞቀ ውሃ አየር ያጥረዋልና ዓሦቹ ስንጥባቸውን እያርገበገቡ ማለክለክ ጀመሩ። የበሉትም አልበረክት አላቸው።

አንድ ቀን እመት ሻርክ እንደ ቆዳ ከረጢት ያለውን እንቁላሏን በአፏ አንጠልጥላ መጣች። ዓሦቹ ሁሉ ተደበቁ። አሮጊቷ ቢጫ ዓሣ ወለላ ብቻ አፏን ብቅ አድርጋ፣

«ምን ፈልገው መጡ፣ እመት ሻርክ?» አለች።

እመት ሻርክ እንቁላሏን አስቀምጣ፣ «ታች፣ ከገደሉ ሥር፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ልጄን እዚያ ልወስድ ነው። እናንተም ኑ፤ እዚህ ታልቃላችሁ» አለች።

«የኛ ማለቅ እርስዎን ምን አስጨነቀዎ?»

«ካለቃችሁ ነገ ምን እበላለሁ?»

ወለላ ይህን ስትሰማ ትንሽ አመነች። ትንሽ ብቻ።

«እንግዲያው ሄደን እስክናይ እንቁላልዎን መያዣ ይተዉልን» አለች።

«እሺ፤ ግን ፍጠኑ። በዚህ ሙቀት ልጄ በእንቁላሉ ውስጥ ያለውን ስንቁን ቶሎ ይጨርስና ያለ ጊዜው ይወጣል» ብላ እመት ሻርክ ራቅ አለች።

ዝንጉርጉሩ ዓሣ ወርዶ ተመለሰ። «እውነቷን ነው፤ ትንፋሼ ተመለሰልኝ» አለ።

«አስፈራርታህ ይሆናል» አለች ወለላ።

ሰማያዊው ዓሣ ወርዶ ተመለሰ። «እውነቷን ነው፤ ትንፋሼ ተመለሰልኝ» አለ።

«ቃላችሁ አንድ ነው፤ አስጠንታችሁ ይሆናል» አለች ወለላ።

እመት ሻርክ ከሩቅ፣ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ትዞራለች።

«አያችሁ? እየከበበችን ነው» አለች ወለላ።

በሦስተኛው ራሷ ወለላ ወረደች። ቀዝቃዛው ውሃ ሲያገኛት ትንፋሿ ረጋ። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን እንቁላሉ ትዝ ብሏት ደነገጠች። እየከነፈች ተመለሰች።

እንቁላሉ ተቀዷል። አጠገቡ አንዲት ሕፃን ሻርክ ተኝታለች፤ እንደ ክር የቀጠነች፣ ለመዋኘት እንኳ አቅም ያጣች።

እመት ሻርክ ደረሰች። ወለላ ከፊቷ ቆመችና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔን ይብሉኝ» አለች።

«ዛሬ አንጀቴ ምግብ አይቀበልም» አለች እመት ሻርክ። ልጇን በከንፈሯ አንስታ ወደ ገደሉ ወረደች። ዓሦቹም ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት።

ልጅቷ ተረፈች፤ ግን የእናቷን ያህል ሳትገዝፍ ቀረች።

ልጆቼ፣ ወለላ በመጠርጠሯ አልተሳሳተችም፤ ሻርክ ሻርክ ናት። እውነቱ ተነግሯት፣ ተደግሞላትም መጠርጠሯን ባለመተዋ ግን የሌላዋን ልጅ ጎዳች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ለደረቀው አፌም ቀዝቃዛ ውሃ ስጡኝ።