የጡቡ ቤት ዘበኛ

አንድ ነጋዴ አባቱ በሠሩት የጡብ ቤት ይኖር ነበር። አባትየው ግንበኛ ነበሩ። ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ ጡቡን ራሳቸው ተኩሰው፣ ከየመስኮቱ በላይ ያሉትን ቅስቶች በእጃቸው ደርድረው ቤቱን ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ልጅየው ሀብታም ሲሆን እንግዳው በዛ። ቤቱን ያየ ሁሉ «ማነው የሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴውም የግንበኛ ልጅ መባሉን ስለጠላ «ከባሕር ማዶ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ዛሬ በሕይወት የለም» ይላል። በር ላይ የሚቀመጡትን አባቱን አይተው «እኚህ ሽማግሌስ?» ሲሉት ደግሞ፦ «ዘበኛችን ናቸው።» ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል። ሽማግሌው ይሰሙኛል ብሎ ግን አንድም ቀን አላሰበም።

አንድ ክረምት የቤቱ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የተጠራው መሐንዲስ ግድግዳውን ዞሮ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«መሠረቱ እንዴት እንደተጣለ የሚያውቅ ካልተገኘ ቤቱን ማፍረስ ሊኖርብን ነው። የሠራው ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።»

ነጋዴው ወደ አባቱ ዞረ፤ ወዲያው ግን ዓይኑን ወደ ስንጥቁ መለሰ።

ሽማግሌው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታዬ ከፈቀዱልኝ ልናገር» አሉ። ጌታዬ ያሉት ልጃቸውን ነው። «ያ የባሕር ማዶ ሰው ሲሠራ እኔ ጭቃ አቀብለው ነበር። ከዚህ ማዕዘን ሥር ምንጭ አለ። ውሃው እንዲወጣ ከድንጋዩ በታች ቦይ ትቶለት ነበር። ግቢው ሲሚንቶ ሲደረግ ሳይደፈን አልቀረም። እሱን ክፈቱት፤ ግድግዳው ይቆማል።»

ቢቆፍሩ እንዳሉት ሆነ። መሐንዲሱ ሲሰናበት ነጋዴውን «እኚህን ዘበኛ በደንብ ይያዟቸው። ቤትዎን ያተረፉልዎ እሳቸው ናቸው» አለው።

ነጋዴው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሐንዲሱ ከወጣ በኋላ አባቱ እግር ላይ ወደቀ።

«አባባ፣ ምነው የሠራሁት እኔ ነኝ ቢሉ?»

«ልጄ፣ ቤቱ ሲፈርስ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። አንተን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግም አልቻልኩም» አሉት።

ነጋዴው እውነቱን ሊናገር ወደ ደጅ ሮጠ። መሐንዲሱ ግን ሄዶ ነበር።

በወላጁ ያፈረ ሰው ራሱ የሚያፍርበት ቀን ይመጣበታል። የሚከፋው ደግሞ፣ ያን ቀን ነውሩን የሚሸፍንለት ያው ያፈረበት ወላጁ መሆኑ ነው። እኛስ ለዚህ ያበቁንን ሰዎች፣ «እኚህ ማናቸው?» ተብለን ስንጠየቅ ምን ብለን እናስተዋውቃቸዋለን?