ጽዋው የቆመበት ጅረት

ተረት ተረት… የምን ተረት በሉኝማ፤ የዘንዶና የኤሊ።

በድሮ ዘመን በቻይና አገር አንድ ዘንዶ ነግሦ ነበር። እዚያ አገር ደመና ላይ ወጥቶ ዝናብ የሚያዘንበው ዘንዶ ነው፤ ይሄኛው ግን ውዳሴ ሲሰማ እየዋለ ከዙፋኑ መነሣት ትቷል። በየዓመቱ ሹማምንቱ በአትክልቱ ጅረት ዳርና ዳር ይቀመጣሉ፤ የወይን ጽዋ ውሃው ላይ ይለቀቃል፤ ጽዋው ፊቱ የቆመበት ግጥም ይገጥማል። አምና ሽመላ ስለ ድርቁ ቢገጥም በረሃ ተጋዘ።

ዘንድሮ ጽዋው ኤሊ ፊት ቆመ። ኤሊ አንገቱን አስግጎ ጅረቱን ሲያይ፣ አገር ቤት ጭቃ የሚልሱት ልጆቹ ትዝ አሉት።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለው አፈ ቅቤው ቀበሮ። “ጽዋው መረጠህ እኮ! እኔ ቢደርሰኝ ብዬ የገጠምኩት ስለዚህ ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ አንተም አወድሰውና ተገላገል።”

ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሊሸጉጥ አለና ተወው።

“ጽዋው ፊቴ ቆመ፣ እኔን መች ወደደ?
ውሃው አልቆበት ነው ከፊቴ ያልሄደ።”

ዘንዶው ጎንበስ ብሎ ቢያይ ጽዋው ደረቅ ጠጠር ላይ ተቀምጧል።

“ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሩኝ ቆያችሁ?” አለ።

“ሽመላ ነግሮዎት ነበር፣ ጃንሆይ” አለ ኤሊ።

“እንግዲያው ሽመላን መልሱልኝ” ብሎ ዘንዶው ወደ ሰማይ ተነሣ።

ዶፉ ወረደ። ጽዋው ከጠጠሩ ተነሥቶ፣ እየተንሳፈፈ ሄዶ ሄዶ ቀበሮ ፊት ቆመ። ቀበሮም እስከ ጆሮው ርሶ፣ ጥርት ስላለው ሰማይ የገጠመውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ተረቴም እዚህ ላይ አባራ።