ደለሉ አልወርድም ያለ ዕለት

የጠማችሁ ካላችሁ ታገሱኝ፤ ውሃው ሳይጠራ ተረቱ አያልቅም።

ወንዙ በሞላ ማግስት ዘምዘም እንስራዋን ብትከፍት ውሃው ድፍርስ ያለ ቀይ ጭቃ ነው። ልጇ ሰሚራ ደግሞ በትኩሳት እየነደደች ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «እማዬ፣ ጭቃ አልጠጣም!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዘምዘም ወደ እንስራው ጎንበስ አለች።

«አንተ ውሃ፣ ምናለ ብትጠራልኝ?»

«ደለሉ ሳይወርድ እንዴት ልጥራ?»

«አንተ ደለል፣ ውረድ እንጂ!»

«አልወርድም! እኛ ብናኞች ሁላችንም አሉታዊ ቻርጅ ተሸክመናል፤ አንዱ ሌላውን ሲገፋ ይውላል። አዎንታዊ ቻርጅ የሚያመጣ ካልመጣልን አንያያዝም፤ ካልተያያዝን አንወርድም።»

ዘምዘም ወደ ጨው ሮጠች። «ጨው፣ በአላህ ድረስልኝ!»

«እኔ የማመጣው አዎንታዊ ቻርጅ አንድ አንድ ነው። ጆንያ ሙሉ ካልሆንኩ አልበቃም።»

ያንንስ ማን ይጠጣዋል? ጨው አልበቃ፣ ደለል አልወረደ፣ ውሃ አልጠራ፣ ሰሚራ አልጠጣች።

ወደ ግድግዳ ቀለሙ ኖራ ዞረች። «ኖራ፣ አንተስ?»

«ሁለት ሁለት አመጣለሁ፤ ከጨው በብዙ እሻላለሁ። ግን እፍኝ እፈልጋለሁ፣ አፍም አቃጥላለሁ።»

እንግዲህ ኖራ አልሆነ፣ ጨው አልበቃ፣ ደለል አልወረደ፣ ውሃ አልጠራ፣ ሰሚራ አልጠጣች።

«ሰሚራ! ሰሚራዬ!» ልጅቱ ዓይኗን ከደነች። ዘምዘም ኡኡ ስትል ንትርኩን የሰሙት ጎረቤቷ እትዬ ሽታዬ ነጭ ድንጋይ ይዘው ደረሱ። «አንቺ ልጅ፣ ከጨው ጋር ምን ያነታርክሻል? ውሃ አጥሪው አሉም እያለልሽ!»

«እኔ ሦስት ሦስት ነው የማመጣ» አለ አሉሙ እየተኩራራ። «ቁንጣሪዬ ይበቃል።»

ዘምዘም ግን ከጭንቀቷ ብዛት ድንጋዩን እንዳለ ልትከተው አነሳችው። እትዬ ሽታዬ እጇን ለቀም! «ኧረ ተይ! ካበዛሽው ብናኙ ሁሉ አዎንታዊ ይሆንና እንደገና ይገፋፋል። ቁንጣሪ አለሽ እኮ፣ ቁንጣሪ!»

«እትዬ፣ ብታንስስ?»

«ማማሰያውን አምጪና ዝም በይ።»

ቁንጣሪዋን አማስለው ተዉት። ዘምዘም አንዴ እንስራውን፣ አንዴ ልጇን ታያለች። ቆየት ብሎ አሉሙ ቻርጁን ሰጠ፣ ብናኙ ተያያዘ፣ ደለሉ ወረደ፣ ውሃው ጠራ። አፈላችው፣ አቀዘቀዘችው፣ ከልጇ ከንፈር አስጠጋችው።

ሰሚራ አንዴ ተጎነጨች። ዓይኗን ገለጠች።

«እማዬ፣ ድገሚኝ።»