አፉ የታሰረ በሬ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነበር። መጋቢትን ሙሉ ጠብታ አልዘነበም፤ ሜዳው አቧራ ሆኗል።

አንድ ቀን ልጄ እናትነሽ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣችና «አባዬ፣ ስክሪኑ ጨለመብኝ» አለችኝ። ከገዛችው ስምንት ወሩ ነው፤ ዋስትናው የአንድ ዓመት። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የምታስረክበው ደግሞ ከፋሲካ ማግስት ነው። ከተማ ወጥተን ወደ ሸጠላት ሱቅ ገባን።

ባለሱቁ ፈንታሁን ይባላል። ሊያበራው እንኳ አልሞከረም። ገልብጦ ሆዱን አየና ሳቀ።

«ይቺ ማኅተም ተቀድዳለች። ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናትነሽ። «እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረኝ ራም ገዝቼ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ እንደ ፈረስ ነበር የሚሮጠው።»

«እንግዲያው የለማ! ይኸው ተጽፏል፤ ‹ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትና የለም›።»

«የተበላሸው ስክሪኑ ነው እኮ! ራም መጨመሬ ከስክሪኑ ጋር ምን አገናኘው?»

«እህቴ፣ ከፍተሻል፤ አለቀ።» ወደ እኔ ዞረ። «አባት፣ የዘንድሮ ልጆች እጃቸው አያርፍም።»

ልጄ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

የፋሲካ ገበያ ሲደርስ ዳለቻውን በሬዬን ነድቼ ወጣሁ። እናትነሽም ኮምፒውተሯን ይዛ ተከተለችኝ። ፈንታሁን የሰፈሩ ቅርጫ ሰብሳቢ መሆኑን ቀድሜ ሰምቻለሁ፤ እንዳሰብኩትም ስድስት ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። በሬው ዓይናቸው ገባ። ወገቡን ዳበሱ፤ ሻኛውን ጨበጡ። ፈንታሁን ጥርሱን ሊያይ እጁን ሲሰድ አፉ በገመድ ታስሯል። ገመዱ ላይ ለእናትነሽ ነግሬ ያስጻፍኩት ወረቀት አለ። አንዱ ጎረቤት ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትና የለም።»

«ምን ጉድ ነው?» አለ ፈንታሁን። «አባት፣ ጥርሱን ሳላይ ዕድሜውን በምን አውቃለሁ?»

«መፍታት ትችላለህ። ከፈታኸው ግን ነገ ቢያነክስ እኔ የለሁበትም።»

«ኧረ በፈጠረዎት! አፉን መክፈቴ ከእግሩ ጋር ምን አገናኘው?»

«ልጄም እንዲሁ ብላ ጠይቃህ ነበር» አልኩት።

ያን ጊዜ ለየኝ። ጎረቤቶቹ ነገሩን ጠየቁኝ፤ በአጭሩ ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «አንተ ፈንታሁን፣ በአንተ ጦስ ፋሲካን በሽሮ ልንውል ነው?» አሉት።

«እሺ፣ እሺ! ከበዓል በኋላ ታምጣው፣ እሠራላታለሁ» አለ።

በሬውን እየሳብኩ ሄጄ ሱቁ ደጃፍ ካለው ምሰሶ አሰርኩት፤ እኔም አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፈንታሁን ጠግኖት ስክሪኑ ሲበራ ተነሥቼ የበሬውን አፍ ገመድ ፈታሁለት።