የቅርጫው ዕጣና የመጨረሻው ተራ

አንድ የውኃ አባት ነበሩ፤ አያ ደምለው የሚባሉ። የውኃ አባት ማለት በመስኖ በሚታረስበት አገር የምንጩን ውኃ ለገበሬው በተራ በተራ የሚያድል፣ በውኃ የሚጣላውንም የሚዳኝ ሰው ነው። ሹመት ነው ይሉታል። እንዲህ ያለ ሹመትስ ለጠላት ይሁን! አያ ደምለው ከተሾሙ ወዲህ አንድ ቀን ምሳቸውን በሰላም በልተው አያውቁም።

የዚያ መንደር ደንብ እንዲህ ነበር። በጋ ሲገባ ሁሉም ዶማውን ይዞ ይወጣና ቦዩን ከምንጩ እስከ ታች ጫፍ በደቦ ይጠርጋል። ድካሙ እኩል ነው። ውኃው ግን ከላይኛው ማሳ ይጀምራል፤ የላይኛው ሲጠግብ ለቀጣዩ ይለቃል። ታዲያ ተራው ታች ሳይደርስ የላይኛው መሬት መልሶ ይጠማና ቦዩ እንደገና ወደዚያው ይዞራል። ታች ጫፍ ላይ ያለችው አስረበብ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በአንዲት የሽንኩርት ማሳ የምታሳድግ ሴት። ቦዩን ከወንዶቹ እኩል ትጠርጋለች፤ ውኃው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቅ ቢልላት ነው።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረና ምንጩ ሳሳ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል አስረበብ አንድ ሽንኩርት ከነቅጠሉ ነቅላ አያ ደምለው እግር ሥር አስቀመጠችው። ቅጠሉ እንደ ገለባ ቢጫ ሆኗል።

«አያ ደምለው፣ ከፋሲካ በኋላም ውኃ ካላገኘ አለቀልኝ። ልጆቼን ይዤ መሰደዴ ነው» አለች።

አያ ደምለው መንደሩን ሰበሰቡ። «ውኃው አንሷል። በፍትሕ እንካፈል። እስቲ ፍትሕ የምትሉት የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ» አሉ። አይ፣ ባልጠየቁ!

መጀመሪያ የተነሣው ጓንጉል ነው። ማሳው ምንጩ አፍ ላይ ነው። «ውኃ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ ፈጣሪ ያወጣው ነው» አለ። ቢራራ ተከተለ። የእሱ መሬት የእጅ መዳፍ ታክላለች። «ሰው ሁሉ እኩል ነው! መሬቱ ሰፋም ጠበበም ለሁሉም እኩል ውኃ ይሰጥ!» ብሎ ጮኸ። ላቀው ደግሞ «ይህን ቦይ መጀመሪያ የቆፈሩት አያቴ ናቸው፤ የደከመ ይቅደም» አለ። አያቱ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! እሱ ራሱ በደቦው ቀን ወገቤን ብሎ የሚተኛ ሰው ነው።

እንግዲህ ተመልከቱልኝ። ሦስቱም የተናገሩት ነገር ለጆሮ ይጥማል። ግን የእያንዳንዱ ፍትሕ ዞሮ ዞሮ የሚፈስሰው ወደ ተናጋሪው ማሳ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? አያ ደምለው ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ሰሙ፣ መለሱ፣ ለመኑ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባቸው። «በሉ ሂዱልኝ፤ ራሴን አመመኝ» ብለው በተኗቸው። አስረበብ ሽንኩርቷን አንሥታ ሄደች። አያ ደምለው የውኃ አባት ተብለው ለእሷ የሚሏት አንድ ቃል ማጣታቸው አንገበገባቸው።

ፋሲካ ደረሰ። መንደሩ እንደ ልማዱ ለቅርጫ በሬ አረደ። ሥጋውን የሚመድበው ጓንጉል ነው፤ በቢላ አያያዙ የተመሰከረለት። ያ ምንጩን ለብቻው ሲጠጣ ዓይኑን የማያሽ ሰው፣ አሁን ባያችሁት! ጉበቱን በቀጭን በቀጭኑ እየቆረጠ ለየመደቡ ያዳርሳል። ከአንዱ ሻኛ ቀንሶ ሌላው ላይ ይጨምራል። ራቅ ብሎ ያያል፤ አይጥመውም፤ ተመልሶ ያስተካክላል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

አያ ደምለው ትክ ብለው አዩት። ምን ነካው ይሄ ሰው? ዛሬ ጻድቅ ሆኖ አደረ እንዴ? የምን ጽድቅ! ጓንጉል የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም። በቅርጫ ደንብ ሥጋው ተመድቦ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ጠጠር ወይም እንጨት ወይም ቅጠል ምልክት ይሰጣል። ምልክቶቹ ባርኔጣ ውስጥ ይደባለቁና፣ ፊቱን ያዞረ ሰው አንድ በአንድ እያወጣ በየመደቡ ላይ ያኖራቸዋል። ስለዚህ መዳቢው እያንዳንዱን መደብ «ይህ የኔ ቢሆንስ?» እያለ ነው የሚመድበው።

የዚያን ቀን ባርኔጣው የተያዘው በአያ ደምለው እጅ ነበር። ምልክቱ ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ ባርኔጣውን ብብታቸው ሥር ወሸቁና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምነው አያ? ዕጣው ይጣል እንጂ!» አለ ቢራራ።

«ዕጣ የለም። ሥጋውንም እንደ ውኃው እንካፈላለን። ከላይኛው እንጀምር፤ ጓንጉል ይምረጥ። እሱ በቃኝ ሲል ለቀጣዩ ይለቃል።»

አገር ተናወጠ። «ሁዳዴን ሙሉ ጾመን!» አለ አንዱ። «ይህማ ግፍ ነው!» አለ ላቀው። ጓንጉል ራሱ አፍሮ፣ «ኧረ አያ፣ በፋሲካ ምድር ቀልዱ ይቅር» አለ።

«ቀልድ?» አሉ አያ ደምለው። «እናንተ ለጨጓራ ዕጣ ትጥላላችሁ! ነገ ለሚያልቅ ሥጋ ይህን ያህል ትጠነቀቃላችሁ፤ ልጆች ለሚያድሩበት ውኃ ሲሆን ግን ፈጣሪን ትጠቅሳላችሁ፣ አያት ትጠራላችሁ! የውኃውም ተራ በዕጣ ይሆናል ብላችሁ ካልማላችሁ ይህ ባርኔጣ ከብብቴ አይወጣም። ደግሞ መጀመሪያ ሕጉ ይውጣ፣ ዕጣው ኋላ። ሥጋው ሳይመደብ ዕጣ የጣለ አለ?»

ዝንቡ ሥጋውን መክበብ ጀምሯል፤ ድስቱ በየቤቱ ተጥዷል። ማሉ። አያ ደምለውም ባርኔጣውን አወጡላቸው።

በማግስቱ ተሰበሰቡ። ያ ሁሉ ጯሂ ዛሬ ለየትኛው ማሳ እንደሚጮህ ጠፋው፤ የትኛው ተራ እንደሚደርሰው ማን ያውቃል? መጀመሪያ አፉን የከፈተው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጓንጉል ነው።

«የመጨረሻው ተራ የደረሰው ሰው ምን ይሆናል?» አለ።

«እንጃ፤ እስከ ዛሬ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አሉት አያ ደምለው።

ጓንጉል ራሱን አከከ። «የመጨረሻው ሰው ሳያጠጣማ ማንም ዳግመኛ ቦይ መክፈት የለበትም። ደግሞ ምንጩ እያነሰ ስለሚሄድ፣ መጨረሻ የሆነው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ያጠጣ።»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አሉ ሁሉም። ቢራራ አጨበጨበ። ላቀው እንኳ አያቱን ረሳቸው። ሕጉ በዚያው ጸና።

ከዚያ ዕጣው ወጣ። የመጀመሪያው ተራ ለማን ደረሰ? ለጓንጉል። ባርኔጣው ውስጥ መጨረሻ የቀረውስ? የደረቀ የሽንኩርት ቅጠል፤ የአስረበብ ምልክት።

አስረበብ «ለኔ ዕጣውም ያው ነው» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ጓንጉል ግን ፊቱ በርቷል። ወደ አያ ደምለው ጠጋ አለና በዝግታ፣ «ያ ቅድም ያልኩት ነገር፣ ስለ መጨረሻው ሰው... ትንሽ አልበዛም?» አለ።

በስመ አብ! አያ ደምለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ጓንጉል! ቅድም ሕጉን ስታወጣ የተጨነቅኸው ለራስህ ነበር ለካ! መጨረሻው አንተ ስትሆን የሚገባው፣ አስረበብ ስትሆን ይበዛል? ዕጣ ከተጣለ በኋላ ከሰው መደብ ሥጋ የሚያነሣ ሰው ምን ይባላል? እስቲ ንገረኝ!»

ምን እንደሚባል መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጓንጉል አንገቱን ደፋ።

እሱ አጠጣ፤ ሌሎቹም በየተራቸው አጠጡ። የጓንጉል ማሳ መልሶ ሲጠማ ዶማውን ተሸክሞ እስከ ቦዩ አፍ ሄደ። ቆመ። ተራገመ። ሳይከፍት ተመለሰ። ውኃውም ታች ደረሰ። አስረበብ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው መሐል ቆማ፣ እያለቀሰች አጠጣች። ከሽንኩርቱ ግማሹ ሞቶ ነበር፤ ግማሹ ዳነ። ልጆቿን ይዛ አልተሰደደችም።

ልብ በሉ፤ አስረበብ በአሮጌው ደንብም መጨረሻ ነበረች፣ በአዲሱም መጨረሻ ሆነች። በአሮጌው ግን መጨረሻ መሆን መጥፋት ነበር፤ በአዲሱ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ይህን ያመጣው የማንም ደግነት አይደለም። ሁሉም ለአንድ ቀን ያህል «እኔ ብሆንስ?» ብሎ ስለፈራ ነው።

ዛሬም በየአዳራሹ ስለ ገበያ፣ ስለ እኩልነት፣ ስለ ሀብት ክፍፍል ስንሰማ እንውላለን። አንዱ የደከመ ይብላ ይላል፤ ሌላው እኩል ይከፈል ይላል። ሁሉም ግን የሚናገረው ድርሻውን ዘንቢሉ ውስጥ ከከተተ በኋላ ነው። የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። የአንድን ሕግ ፍትሕ ማወቅ የፈለገ ሰው የመጀመሪያውን ተራ ያገኘውን አይጠይቅ፤ እሱማ ምን ጎደለበትና! የመጨረሻው ተራ ለራሱ ቢደርሰው ይቀበለው እንደሆነ ልቡን ይጠይቅ።

ለመሆኑ አንተስ ወዳጄ፣ ዛሬ «ፍትሕ ነው» ብለህ የምትሟገትለት ነገር፣ ምልክትህ ገና ባርኔጣው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ትሟገትለት ነበር?